ቤትና ጎረቤት፤ በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት አመራረጥና ከገቡ በኋላ ያለው እርካታ

1. መግቢያ

ሰው መኖሪያ ቤት ሲመርጥ ምን ምን ነገር ያመዛዝናል? ገብቶ ከተቀመጠስ በኋላ የሚደሰተው ወይም የሚያዝነው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የመሐንዲስና የባንክ ጥያቄ ሆኖ ይቈጠራል፤ መልሱም በክፍሎች ብዛት፥ በግድግዳው ጥንካሬና በዋጋው ልክ ይሰጣል። ዳሩ ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ ቤት የሚመርጥበት ልማድ እንደ ጋብቻና እንደ ቀብር ሥርዐት ሁሉ የራሱ ታሪክ ያለው ስለ ሆነ፥ ባሕልን ለሚመረምር ሰውም ተገቢ ጕዳይ ነው።

የአዲስ አበባ ታሪክ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ነዋሪዋ ቤት ያገኘባቸው መንገዶች በዐበይቱ አራት ናቸው፤ በመጀመሪያ ከጌታ በሚሰጥ ቦታ፥ ቀጥሎ በኪራይና በግዢ፥ ከዚያም በመንግሥት ድልድል፥ በመጨረሻም በዕጣ ነው። መንገዶቹ ይለያዩ እንጂ አንድ ነገር በሁሉም ይታያል። ነዋሪው፥ መምረጥ በተቻለው ጊዜ፥ ከቤቱ አስቀድሞ የሚመርጠው አብሮት የሚኖረውን ሰው ነበረ፤ ከገባም በኋላ የእርካታው መለኪያ ጣራውና ግድግዳው ብቻ አልነበረም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አነጋገር ለማጽናኛ ብቻ የተነገረ ሳይሆን የኑሮ ሥሌት ያለበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ምርጫ በየዘመኑ የነበረውን መልክና በዕጣው ዘመን የደረሰበትን ለውጥ መግለጽ ነው።

2. ጌታን የመረጠ ሠፈርን መረጠ

ሠፈር የሚለው ቃል ሠፈረ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ መነሻ ትርጕሙ ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ሲወርድ፥ ለመኳንንቱ እንደየማዕርጋቸው ቦታ ተመራላቸው። እንዲህም በመሆኑ የከተማይቱ አቀማመጥ የጦር ሠፈርን አቀማመጥ የተከተለ ሆነ፤ መካከሉ ቤተ መንግሥት፥ ዙሪያው የመኳንንት ግቢ ነበር። መኰንኑ ከፍ ካለው ጕብታ ላይ ግቢውን ይሠራል፤ ጭፍራው፥ አሽከሩ፥ የእልፍኝና የማድ ቤት ሠራተኛው ደግሞ ከግቢው በታች በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ ብሩ ሠፈር፥ ራስ ካሣ ሠፈር፥ ደጃች ውቤ ሠፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። ሠራተኛ ሠፈር፥ ዘበኛ ሠፈርና ገዳም ሠፈር ደግሞ ከአንድ መኰንን ስም ይልቅ ከነዋሪዎቹ ሥራና አገልግሎት ስማቸውን ያገኙ ናቸው።

በዚህ ዘመን ተራው ሰው ቤት መረጠ ሊባል አይቻልም፤ የመረጠው ጌታውን ነበረ። ጌታውን ሲለውጥ ሠፈሩንም ይለቅቃል፤ ከጌታው ጋራ እስካለ ድረስ ግን የጎጆው ቦታ በአገልግሎቱ የተወሰነ ነው። የጭቃው ቤት በጥቂት እንጨትና በጥቂት ቀን ሥራ የሚቆም ስለ ነበረ፥ ቤቱን መተው እንደ ትልቅ ጕዳት አይቈጠርም ነበር። ትልቁ ጕዳት ከጌታ መለየት፥ ማለት ከሚያበላውና ከሚሟገትለት ሰው መራቅ ነበረ።

ከጌታው ቀጥሎ የነዋሪውን ልብ የሚስበው ታቦቱ ነው። አጥቢያ የሚለው ቃል በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን መንደርና ምእመኑን አንድ አድርጎ የሚጠራ በመሆኑ፥ የቤት ቦታና የአምልኮ ቦታ በነዋሪው አሳብ ሳይለያዩ መኖራቸውን ያስረዳል። ክርስትናውም፥ ፍታቱም፥ ሰንበቴውም የሚፈጸመው በዚያው ነው።

ነዋሪው ቅሬታ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ሠፈር ከሠፈር ይቈራረጥ ነበር፤ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ በማለቁም የእንጨት ችግር ጠንቶ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱ በቦታዋ እንድትጸና ካደረጓት ምክንያቶች አንዱ የባሕር ዛፍ መተከል ነው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላም የውጭ መንግሥታት ወኪሎች በከተማይቱ መቀመጣቸውና የንግዱ መስፋፋት ሠፈሩን ወደ ቋሚ ከተማ ለወጠው።

ከዚህ ዘመን የቀረ አንድ ውርስ አለ። በመኰንኑ ግቢ ዙሪያ ድኻው የሠፈረው ከባለጸጋው ተለይቶ ስላልነበረ፥ የአዲስ አበባ ነባር ሠፈሮች ሀብታሙንና ድኻውን በአንድ ጕድብ ውሃ፥ በአንድ መንገድና በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያገናኙ ነበሩ። ይህ መቀላቀል እኵልነት አልነበረም፤ ሆኖም ባለጸጋው የድኻውን ረኃብ፥ ድኻው የባለጸጋውን ሐዘን እንዲያውቅ አድርጎ ነበር።

3. ኪራይ፥ ግዢና እድር

ከ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በከተማይቱ ያለ ቦታ በሕግ እየታወቀ የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ሆነ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜም የቈርቈሮ ማጓጓዙ ቀለለ፤ የሣር ክዳን እየቀነሰ ሄደ፥ የቈርቈሮ ጣራም የባለቤትነትና የክብር ምልክት ሆነ። ግድግዳው ግን ለብዙው ሕዝብ እንደ ቀድሞው በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ የተሠራ ነበር።

የጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየበት ዘመን ገዢዎቹ የከተማውን ፕላን በዘር መለያየት ላይ መሠረቱት። ዋናውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት፤ ለራሳቸው ሰዎችም የተለየ መኖሪያ ሠሩ። ካዛንቺስ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ ፖፖላሬም እንዲሁ የሕዝብ ቤቶች ከሚለው የጣልያን አነጋገር የመጣ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ቤቶች ገብተው፥ በክፍት ቦታዎቹም ሌላ ቤት ጨምረው፥ ለመለያየት የታሰበውን ሠፈር እንደ ሌላው ድብልቅ አደረጉት።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ከየጠቅላይ ግዛቱ ወደ ከተማይቱ የሚገባው ሰው በዛ። መሬቱ በጥቂት ባለመሬቶች እጅ የተሰበሰበ ስለ ነበረ፥ መጪው የሚያድረው በኪራይ ነበር። አከራዩም በግቢው ውስጥ ከትልቁ ቤት ኋላ ደርዝ ደርዝ እያደረገ አነስተኛ ክፍሎችን ይሠራል። ተከራዩ ቤት ሲፈልግ በደላላ ወይም በአገሩ ልጅ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ነገር ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ ከሥራው ያለውን ርቀት፥ ቀጥሎ በሠፈሩ የአገሩ ሰው መኖር አለመኖሩን፥ ከዚያም የአከራዩን ጠባይ፥ በመጨረሻ የክፍሉን ሁኔታ ይመረምራል። የዶርዜ ሸማኔዎች በጉለሌና በሽሮ ሜዳ፥ የጉራጌ ነጋዴዎች በመርካቶ ዙሪያ መሰብሰባቸው ከዚህ ዐይነቱ አመራረጥ የተነሣ ነው። አዲሱ መጪ ከአገሩ ሰው አጠገብ ሲያድር ቋንቋውን የሚሰማ፥ ሥራ የሚያስገባው፥ ቢታመም የሚያስታምመው ያገኛል። ሙስሊሙም መስጊድ በቅርብ እንዲሆንለት ይሻ ነበር።

የዚህ ዘመን ትልቁ ፍሬ እድር ነው። የእድር አጀማመር ብዙ ጊዜ ከጉራጌ ስደተኞች ጋራ ተያይዞ የሚነገር ሲሆን፥ በከተማይቱ የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። በገጠር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመዱ ነው፤ በከተማ ግን ዘመድ ሩቅ ስለ ሆነ የዘመድን ሥራ ጎረቤት ተረከበ። አባሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ሐዘን ሲደርስበት እድሩ ድንኳን ይተክልለታል፥ ወንበርና ዕቃ ያቀርብለታል፥ ቀባሪና አስተዛዛኝ ይሆንለታል። እንግዲህ ቤት መከራየት ክፍል መያዝ ብቻ አልነበረም፤ የሚቀብሩትን ሰዎች መምረጥም ነበረ። ከሠፈሩ ከለቀቁ በኋላም ብዙዎች የቀድሞ እድራቸውን ሳይተዉ መዋጮ መክፈላቸው ቤትና ጎረቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል፤ ቤቱን መለወጥ ይቻላል፥ እድሩን ግን በቀላሉ አይለውጡትም።

4. ምርጫ የቆመበት ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወርሐዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ የድኻው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ።

አዋጁ ተከራዩን ከአከራዩ ቍጣና ከመባረር ሥጋት አዳነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አብሮ አቆመ፤ አንደኛው የቤት እድሳት፥ ሁለተኛው የቤት ምርጫ ነው። በዚያ ትንሽ ኪራይ ቤቱን ማደስ አልተቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት ያመነታ ነበር። በሌላ በኩል እንዲህ ያለ ርካሽ ቤት ከለቀቁት የማይመለስ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ወልዶ፥ ልጆቹም አድገው፥ በዚያው ኖረ። የመኖሪያ ቤት ሥራ ማኅበራት ለአንዳንዱ ደመወዝተኛ ሌላ በር ከፍተውለት ነበር፤ በነዚህም ማኅበራት ብዙ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች አንድ ላይ ቦታ ተመርተው ጎረቤታሞች ሆነዋል። ለብዙው ድኻ ግን ያለው ምርጫ መቈየት ብቻ ነበረ።

ከዚህ የተነሣ እንግዳ የሚመስል ሁኔታ ተፈጠረ። ቤቱ ያፈሳል፤ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ ነው፤ ምድጃው ከመኝታው አይለይም፤ ነዋሪው ግን ሠፈሩን አይለቅም። ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ያማርራል፥ ስለ ሠፈሩ ሲጠየቅ ግን ያመሰግናል። ይህ ተቃርኖ የሚመስል ነገር ምክንያት አለው። በሠላሳና በዐርባ ዓመት መቈየት ውስጥ እድሩ፥ ማኅበሩ፥ እቍቡና የቡናው ጥሪ እየጠነከሩ ሄደው ለቤቱ ጕድለት ማካካሻ ሆነዋል። እናት ገበያ ስትሄድ ልጇን የምታስቀምጠው ከጎረቤት ዘንድ ነው፤ ጨው ያለቀበት የሚበደረው፥ ገንዘብ ያጠረው እስከ ደመወዝ የሚለምነው ከአጥር ማዶ ነው። እንጀራ ሸጣ፥ ልብስ አጥባ ወይም ጕልት ተቀምጣ የምትኖር ሴት ደንበኞቿ የሠፈሯ ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ለርሷ ሠፈሩ የሥራ ቦታዋም ነው።

5. የዕጣው ዘመን

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 80 ተደነገገ፤ ይህም በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተሻሻለ። መሬት በጨረታ ዋጋ ሲወጣለት ገንዘብ ያለው ሰው ቦታም ቤትም መምረጥ ቻለ። ለሌላው የከተማ ሕዝብ የታሰበው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፥ ማለት ኮንዶሚኒየም ነው። ሕጋዊ መሠረቱ አዋጅ ቍጥር 370/1995 ሲሆን፥ በቦሌ ገርጂ ከተደረገው ሙከራ በኋላ ሥራው በሰፊው ተጀመረ። በ20/80 መርሐ ግብር ገዢው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ 80 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል። ኋላም ለዝቅተኛው ገቢ 10/90፥ ለመካከለኛው 40/60 የተባሉት ተጨመሩ። ከቤቶቹም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር።

በዚህ አሠራር ገዢው የሚመርጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ስቱዲዮ፥ ባለ አንድ፥ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ የሚለው ነው። ሠፈሩን፥ ሕንፃውን፥ ፎቁንና ጎረቤቱን የሚወስነው ዕጣ ነው። ጕለሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ቱሉ ዲምቱ ሊደርሰው ይችላል፤ የልደታ ሰውም የካ አባዶ። ዕጣ አድልዎን ለማስቀረት የተመረጠ መንገድ በመሆኑ ፍትሐዊነቱ አይናቅም። ነገር ግን በመቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ዋናው ምርጫ የነበረውን የጎረቤት ምርጫ ከገዢው እጅ ያወጣ ይህ ነው።

ከገቡ በኋላ ያለው እርካታ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ ወገን የግል መጸዳጃ፥ የግል ማድ ቤትና የሚቈለፍ በር ማግኘት፥ ከሁሉም በላይ በስም የተጻፈ የባለቤትነት ማረጋገጫ መያዝ ታላቅ ደስታ ሆኗል። በተለይ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ቤቱ በስሟ ሲጻፍ፥ ከዚያ በፊት ሕግ በቃሉ እንጂ በሥራ ያልሰጣትን መብት አገኘች። ይህንን ያላየ ሰው የነባሩን ሠፈር ኑሮ እያመሰገነ የመጸዳጃውን ሽታና የእሳት ሥጋቱን የረሳ ይሆናል።

በሌላ ወገን ግን ፎቁ ያልለመደው ኑሮ ወጣበት። ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት፥ በርበሬ ማስጣት፥ ለበዓል በግ ማረድ፥ እህል መውቀጥ ሁሉ በጭቃ ቤት ግቢ የነበራቸውን ቦታ አጡ። ውሃ ከላይኛው ፎቅ የማይደርስበት ቀን ብዙ ነው፤ ጀሪካን በደረጃ ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ወይም ልጅ ነው። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ የሚተከልበት ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሬሳውም በጠባብ ደረጃ ይወርዳል። የሕንፃዎቹ ነዳፊዎች ይህን አስበው ለዕርድ፥ ለማብሰልና ለመሰብሰብ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ሠርተው ነበር፤ በብዙ ስፍራ ግን ይህ ቤት ለተሠራበት ነገር ሳይውል ወይም ለሌላ ተግባር ተላልፎ ይታያል።

ከዚህ የሚከብደው የተሰበረው ግንኙነት ነው። ገብረ ይንቲሶ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ በአዲስ አበባ ለልማት ተብሎ ከመካከለኛው ከተማ ወደ ዳር የተዛወሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የኑሮ መሠረታቸው፥ የንግድ ደንበኝነታቸውና የመረዳዳት ግንኙነታቸው እንደ ተናጋ አሳይቷል። ከጕልቷ የተለየችው ሴት አዲስ ቤት ብታገኝም ገቢዋን አጣች። ሽማግሌውም አዲሱ ቤት ቢያምር የሚያነጋግረው ሰው የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎች ባለዕጣዎች የባንኩን ዕዳ መክፈል ስለ ከበዳቸው ወይም ቦታው ከሥራቸው ስለ ራቀባቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በሌላ ሠፈር በርካሽ ኪራይ ይኖራሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሠፋፈር ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናትም ይህንኑ አመልክቷል። ስለዚህ በኮንዶሚኒየም ቤቱን በእውነት መርጦ የሚገባው ባለቤቱ ሳይሆን ተከራዩ ወይም ከዕጣ ባለቤት የሚገዛው ሰው ሆኗል። ይህ ሁለተኛ ገዢ የሚጠይቀው ጥያቄም የቀድሞውን ይመስላል፤ ውሃው ይወጣ እንደ ሆነ፥ ታክሲው የት እንደሚቆም፥ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ምን ያህል እንደሚርቅ፥ ከላይና ከታች ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ምርጫ በተመለሰ ጊዜ ጎረቤትም ወደ ጥያቄው ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ጎረቤት ሲባል ደግሞ በሕንፃው ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም። የከተማው ዳር መሬት ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበረ። በ2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ጕዳይ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ያስነሣው፥ የወሰን ጥያቄው እንዳለ ሆኖ፥ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ የማን ጎረቤት እንደሚሆን አስቀድሞ ስላልታሰበ ጭምር ነው። ባለዕጣው ዓመታት ቈጥቦ ያገኘው ቤት ነው፤ ገበሬው አባቱ ያረሰው መሬት ነው። ሁለቱንም ዕጣው አላስተዋወቃቸውም።

ሆኖም ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጀሞም፥ በጎተራም፥ በሌሎቹም ግቢዎች አዲስ እድር ተቋቁሟል። ሕጉ ያዘዘው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለ ጥበቃና ስለ ጽዳት ሲመክር፥ ከጎኑ ማንም ያላዘዘው እድር ስለ ሐዘንና ስለ ሕመም ይመክራል። በአንዳንዱም ግቢ ባለቤትና ተከራይ እኵል አባል ናቸው፤ ሞት ካርታ አይጠይቅምና።

6. መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጸው የሚታየው፥ አዲስ አበባ ቤት የሰጠችባቸው ሥርዐቶች ሲለዋወጡ የነዋሪው ፍላጎት ከሞላ ጐደል ጸንቶ መኖሩ ነው። የጌታው ጭፍራ፥ የባለመሬቱ ጪሰኛ፥ የቀበሌው ተከራይና የዕጣው ባለቤት ከቤታቸው የጠበቁት አንድ ነገር ነበር፤ በክፉ ቀን የሚደርስ ሰው በቅርብ እንዲኖር ነው። ይህ ባለበት ያረጀ ቤት ታግሶ ተኖረበት፤ ይህ በሌለበት አዲስ ቤት ተከራየ ወይም ተሸጠ።

ጕዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። የሚፈርሰው የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ይተካል፤ የእድሩ መዝገብ ግን አባሎቹ በየአቅጣጫው ከተበተኑ በምንም አይተካም። ለዚህ መፍትሔው ሠፈሮቹን እንደ ነበሩ ማስቀረት አይደለም፤ ማንም ሰው በሚያፈስ ጣራ ሥር እንዲኖር ሊፈረድበት አይገባም። የሚሻለው፥ ቤት ሲታደል አንድ እድር ወይም አንድ መንደር ከፈለገ እንደ አንድ ተቈጥሮ፥ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሕንፃ እንዲገባ ዕድል መስጠት ነው። ዕጣም ቢሆን በአባወራ ብቻ ሳይሆን በእድር ሊወጣ ይችላል፤ ፍትሐዊነቱ አይጐድልም። እንዲህ ከተደረገ ቤት ተቀባዩ ቁልፉን ሲረከብ ጎረቤቱንም አብሮ ይረከባል።